ስምህ ይገባል

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ግቢያችን ሌባ ገብቶበት ያውቃል፤ የክረምት ጎርፍም ገብቶበት ያውቃል። ባለፈው መስከረም ደግሞ ፊልም ገባበት። ሌባው በአንድ ሌሊት ጉዳዩን ጨርሶ ሄደ። ጎርፉ በሦስተኛው ቀን ሰረገ። ፊልሙ ግን "ሁለት ሳምንት" ብሎ ገብቶ 27 ቀን ተቀመጠ።

መጀመሪያ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ዳይሬክተር ነው። ሌላው አይሱዙውን ሸጦ ፊልም ውስጥ የገባ የመለዋወጫ ነጋዴ ሲሆን ፕሮዲዩሰሩ እሱ ነው። ዳይሬክተሩ በጣቶቹ አራት ማዕዘን ሠርቶ የማንጎውን ዛፍ፣ የቆርቆሮ አጥራችንን፣ ከአጥሩ ማዶ ብልጭ የምትለዋን የጣና ቁራጭ በየተራ አጮለቀ። እኔ የኪራይ ነገር ላነሳ አፌን ስከፍት ፕሮዲዩሰሩ ትከሻዬን ያዘና "ወንድሜ፣ ስምህ ይገባል" አለኝ።

"የት ነው የሚገባው?"

"መጨረሻ ላይ፣ በትልቁ። ሎኬሽን ማናጀር ተብሎ።"

አልዋሽም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስሜ በጽሑፍ የገባው የእድር መዝገብ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ። ግቢውን ለቀቅኩላቸው።

ቆይቼ ስሰማ ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ገንዘብ ተገዝቷል። ጀነሬተር ያዋሰው የብየዳ ቤት ባለቤት ስሙ ይገባል። ሥራውን ትቶ ዕቃ የሚያመላልሰው ባለ ባጃጅ ስሙ ይገባል። ለዚያ ሁሉ ሰው ቡና የሚያፈሉት ጎረቤታችን እማማ "ስምዎ ይገባል" ተብለዋል። ከፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ ብቻ ስድስት የፕላስቲክ ወንበር ስትጠየቅ "ስሜም ወንበሬም እኔው ጋ ይቀመጡ" ብላ በሯን ዘጋች። እማማ በጣም አዘኑባት። "የአገር ሥራ እኮ ነው" እያሉ ሦስት ቀን አሟት።

ፊልሙ የወጣቶች ኮሜዲ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ አዲስ የመጣች ልጅ ይወዳል፤ ጓደኞቹ እናግዝህ ብለው ነገሩን ያበላሹበታል፤ አባቷ ያባርረዋል፤ በመጨረሻ ጣና ላይ ይታረቃሉ። ደግ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ተማሪ ምን ጠፍቶ? ጠዋት ከዘንባባዎቹ ሥር የሚፈሰው ዩኒፎርም ብቻ አሥር ፊልም ይሞላል። እቤቴም አንድ አለ፤ የእህቴ ልጅ፣ 17 ዓመቱ፣ 12ኛ ክፍል፣ ግንባሩ ላይ ብጉር ያፈላ፣ ድምፁ ግማሹ የልጅ ግማሹ የሰውዬ። ወስጄ ዳይሬክተሩ ፊት አቆምኩት። ዳይሬክተሩ ዞሮ ዞሮ አየውና አዘነለት።

"ጎበዝ ልጅ ነው" አለኝ። "ግን ተማሪ አይመስልም።"

ተማሪ የሚመስለው በማግስቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። 34 ዓመቱ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት። ቀለበቱን ያወለቀበት ጣቱ ላይ ነጭ መስመር ቀርቷል። ፀጉሩ ከፊት ማፈግፈግ ስለጀመረ ፊልሙን ሙሉ ኮፍያ አድርጎ ነው የሚማረው። ዩኒፎርም የሚያዘጋጅ ሰው ስለተረሳ የእህቴ ልጅ የራሱን አዋሰው። ሱሪው እስከ ጭን ድረስ በሰላም ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜካፕ ሠሪዋ በመርፌ ቁልፍ ተወጣችው። ባለ ዩኒፎርሙ ደግሞ ብርማ ሰሌዳ ተሰጥቶት ፀሐይዋን ወደ "ተማሪው" ፊት እንዲመልስ ተመደበ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ ውሃውን ለሌላ እንዲቀዳም እንደሚደረግ አላውቅም ነበር።

ለነገሩ ይህ የኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው "ግሪስ" በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና የተጫወተችው ስቶካርድ ቻኒንግ በቀረጻው ጊዜ 33 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው "ሚን ገርልስ" ውስጥ እናት የሆነችው ኤሚ ፖለር፣ ልጇ ሆና የተጫወተችውን ሬቸል ማክአዳምስን የምትበልጣት በሰባት ዓመት ነው። ሰባት ዓመት እኮ ታላቅ እህት እንኳ አያሰኝም። ግን ምክንያት አላቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እውነተኛ ልጅ ከቀጠርክ የሥራ ሰዓቱ የተገደበ ነው፤ አስተማሪም ቀረጻው ቦታ ድረስ ታመጣለታለህ። የ33 ዓመት ተማሪ የቤት ሥራ የለባትም። በኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አታሠሩ ይላል። ሰሌዳ ተሸካሚያችን ግን ጎህ ሲቀድ ቆሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚቀመጠው። ፕሮዲዩሰሩን ጠየቅኩት። እሱ ሠራተኛ አይደለም አለኝ፤ ስሙ ነው የሚገባው። ስም ደግሞ ለካ የሥራ ሰዓት የለውም።

ስለ ዕድሜ ካነሳን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በዚህ ስሌት የኛ ጀግና ከወጣትነት ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው። ግን የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ ሆኖ ልጁን የዳረ ሰው ባለበት አገር ማን ማንን ይጠይቃል።

አንድ ቀን የፈተና ትዕይንት ይቀረጽ ነበር። ልጁ በማትሪክ ፈተና መሐል ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር አድርጎ ለልጅቷ የፍቅር መልእክት ይጽፋል፤ ፈታኙ ይይዘዋል፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የእህቴ ልጅ ሰሌዳውን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ" አለው ዳይሬክተሩን፣ "ማትሪክ እኮ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ እዚያው እያደርን ነው የምንፈተነው። ስልክ አይገባም። ደግሞ ማን ይስቃል? በ2015 ከተፈተነው ሁሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነው።"

ዳይሬክተሩ ትንሽ አሰበ። "ይሄ ኮሜዲ ነው" አለ። "ፀሐዩን ያዝ።"

የሚገርመው ስም ይገባል በተባለበት ግቢ ስም ያለው ሰው መጥፋቱ ነው። ሁሉም በያዘው ዕቃ ነው የሚጠራው። "ቡም! ከፍ በል!" "ክላፕ! የት ሄድክ?" "ሜካፕ! አባትየው ላበው!" የእህቴ ልጅ "ሪፍሌክተር" ሆነ። እማማ መጀመሪያ ስድብ መስሏቸው ተቆጡ፤ ኋላ ግን እሳቸውም ለመዱና ማታ ማታ "አንተ ሪፍሌክተር፣ እስቲ ከሰል አቀብለኝ" ማለት ጀመሩ። እሳቸውን ማንም "ጀበና!" ብሎ አልጠራቸውም። የተፈሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ጆሮው ላይ ያንን ትልቅ ማዳመጫ ከሰካ በኋላ ሰፈራችን ምን ያህል እንደሚጮህ ገና ያን ቀን አወቅን። ባጃጅ ሲያልፍ ቁም፣ ብየዳ ቤቱ ሲጮህ ቁም። ከሁሉ የባሰው የግቢው አውራ ዶሮ ነበር፤ "አክሽን" ሲባል ጠብቆ ይጮኻል። ፕሮዲዩሰሩ ተናደደ፣ ዶሮውን ገዛን፣ ለምሳ ዋለ። በማግስቱ የትዕይንቶችን መያያዝ የምትከታተለው ልጅ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ እያየች አለቀሰች። ትናንት በተቀረጸው ላይ፣ ከልጅቷ ትከሻ በስተኋላ፣ ያ ገብስማ ዶሮ አጥር ላይ ቁጭ ብሏል። ዛሬ የሚቀረጸው ደግሞ ከዚያው ንግግር አጋማሽ ነው። ገበያ ተኬደ፤ የተገኘው ነጭ ነው። ሜካፕ ሠሪዋ ግማሽ ቀን ኩል እየቀባች ገብስማ ስታደርገው ዋለች። ለዶሮው የፈሰሰው ኩል ለዋናዋ ተዋናይት ከፈሰሰው ይበልጣል፤ ትወናውም እንዲሁ።

ቀረጻው ደግሞ ታሪኩን ተከትሎ አይሄድም። ቦታና ብርሃን በተመቸበት ነው። እማማ ይህን ማንም አልነገራቸውም። ሰኞ ሲታረቁ አዩ፣ ረቡዕ ሲተዋወቁ፣ ዓርብ ሲጣሉ። "እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?" ይሉኛል፤ "ሳይተዋወቁ ምን አስታረቃቸው?"

የጥፊው ነገር ግን እስካሁን ይወራል። አባት የሆነው ተዋናይ 28 ዓመቱ ነው፤ ሽበቱ የሕፃን ፓውደር ስለሆነ ከጣና በኩል ነፋስ በመጣ ቁጥር 20 ዓመት ይቀንሳል። በስክሪፕቱ መሠረት ልጁን በራፉ ላይ ያገኘዋል፣ ይጮኽበታል፣ በጥፊ ይለዋል። አክሽን ተባለ። ጥፊው ገና አየር ላይ ሳለ እማማ ከረከቦታቸው ተነሥተው መሐል ገቡ። "በጊዮርጊስ! በጊዮርጊስ ተው!" "ከት!" ተባለ፤ ቀረጻው ቆመ። ዳይሬክተሩ ውሸት መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው። "ማወቁንስ አውቃለሁ፣ እጄ ነው እምቢ ያለኝ" ብለው ተቀመጡ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ሽማግሌዎች ጩኸቱን ሰምተው በሩን ከፍተው ገቡ፤ በትራቸውን በሁለቱ መሐል ዘረጉ። ፊልም ነው ቢባሉም የሁለቱንም ወገን ሳንሰማ አንወጣም አሉ። ዳይሬክተሩ ምን ያድርግ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው ተመካከሩና ልጁ ትምህርቱን ይጨርስ፣ አባትም ይታገሥ፣ ከዚያ በኋላ በወግ ይጠየቅ ብለው ፈረዱ። ከስክሪፕቱ የተሻለ መጨረሻ ነበር፤ ማን ይስማቸው። ሦስተኛውን አንድ ባለ ባጃጅ አቋረጠው። አራተኛውን እኔ ራሴ፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አምስተኛው ላይ በሩ ተቆለፈ፣ ዘብ ቆመ፣ እማማም ቃል ገቡ። ጥፊው አረፈ። ኮፍያው በረረ፤ የ"ተማሪው" መላጣ በጠራራ ፀሐይ አበራ፤ ሪፍሌክተር ሥራውን በሚገባ ይሠራ ነበርና። በዚያው ቅጽበት ነፋስ መጣና የአባትየውን ሽበት ጠርጎ ወሰደው። እማማ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዩ።

"አንተ!" አሉት አባትየውን። "ታላቅህን ትመታለህ?"

በፊልሙ ውስጥ ጥፊው የለም። በር ሲዘጋ ብቻ ይሰማል።

የመጨረሻው ዕርቅ ታንኳ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲሆን ተፈለገ። ከዘጌ እንጨት እያመጣ የሚሸጥ ቀዛፊ ተገኘ። ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ሲያስጠነቅቅ ነበር፤ ታንኳ ደንገል ነው፣ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ አንዴ ከሠራ ወጥቶ መድረቅ አለበት። እነሱ ግን ቀኑን ሙሉ ውሃው ላይ አድርገው ልምምድ ሲያደርጉበት ዋሉ። ፀሐይዋ ልትገባ አሥር ደቂቃ ሲቀራት ሁለቱ ተሳፈሩ። ካሜራው ተነሣ። ልጁ የልጅቷን እጅ ያዘና፣ ድምፁን ወፍራም አድርጎ፣ "ካለ አንቺ እሰጥማለሁ" አለ። ታንኳው እየወረደ ነበር። ልጅቷ ቁልቁል አየች። ልጁ ፀሐይ እንዳያመልጥ ብሎ ደገመው፤ "እሰጥማለሁ!" እስከ ወገባቸው ደረሰ። ጣና እጅግ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው፤ እነሱ ያሉበት ተነሥተው ቢቆሙ ጉልበት አያልፍም፤ ግን አንዱም መቆሙ ትዝ አላለው። አዳራሽ ውስጥ ሰው የሳቀው እዚህ ላይ ነው። ኮሜዲ ተብሎ ያልተጻፈው ይህ ብቻ ነበር።

ፊልሙ የተመረቀ ቀን እማማ ጥበባቸውን ለብሰው መጡ። ከሰፈራችን አንድ ረድፍ ሙሉ ሞላን። እኔ ታሪኩን አልተከታተልኩም፤ ይለቅና ስሜን ልይ እያልኩ ነበር። አንድ ነገር ግን አየሁ። የመኝታ ቤቱ ትዕይንት ላይ፣ በቁም ሣጥኑ መስታወት ውስጥ፣ ሰሌዳ የያዘ ብጉራም ልጅ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይታያል። በዚያ የወጣቶች ፊልም ውስጥ የታየው ብቸኛ የ17 ዓመት ልጅ እሱ ነው።

ፊልሙ አልቆ ስሞቹ መውጣት ሲጀምሩ መብራት በራ። ሕዝቡ ተነሥቶ ከፊታችን ግድግዳ ሆነ። "ተቀመጡ! ገና ነው! እኛ አልወጣንም!" እያሉ እማማ ጮኹ። ስሞቹ እንደ ሐምሌ ዓባይ ይወርዳሉ። እኔ ስልኬን ከሰው ራስ በላይ አንሥቼ ቀረጽኩ።

ማታ ግቢያችን ቡና ተፈላ። የእህቴ ልጅ፣ ከኋላው የተተረተረውን ዩኒፎርሙን እየሰፋ፣ ስልኩን ቀስ እያደረገ አነበበልን። ፕሮዲዩሰሩ ፕሮዲዩሰር ነው። ዋና ፕሮዲዩሰርም እሱ ነው። ትራንስፖርት እሱ። አልባሳት እሱ። ሎኬሽን ማናጀርም እሱ ነው። ሁለተኛውን ቡና ጠጣን። ከሁሉ በታች፣ ጽሑፉ ሲያልቅ፣ አንድ መስመር አለች።

"ልዩ ምስጋና፦ ለሽምብጥ ነዋሪዎች በሙሉ።"

ዝም ተባለ። ባለ ብየዳ ቤቱ "እንግዲህ ገባን ማለት ነው" አለ። እማማ ሲኒውን ይዘው ብዙ አሰቡ።

"በሙሉ ነው የሚለው?"

"በሙሉ ነው የሚለው፣ እማማ።"

"ወንበር የከለከለችንም ገብታለች?"

የእህቴ ልጅ መርፌውን አቆመ። ማንም አልመለሰም። እማማ በረካውን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን አነሡ።