ፐርኦክሳይድ ከጦርነቱ በኋላም አልተረሳም
ስለ ሮኬት ነዳጅ የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ ግን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተረሳ ያላችሁት ልክ አይደለም። እኔ ሰበታ ነው የምኖረው፣ ልጄ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ሲላጥ ከሰፈር ፋርማሲ የምገዛለት 3 ፐርሰንቱ ነው፣ ቁስሉ ላይ አረፋ የሚያወጣው ወደ ውሃና ኦክስጅን ስለሚፈርስ ነው። ለሮኬት የሚሆነው 85 ፐርሰንት ምናምን ሲሆን በብር መረብ ውስጥ ሲያልፍ በቅጽበት ይፈርስና 600 ዲግሪ አካባቢ የጋለ እንፋሎትና ኦክስጅን ይሆናል፣ ኬሮሲን ስትጨምርበት ደግሞ ያለ ክብሪት ራሱ ይቀጣጠላል፣ ይሄ ነው እኔን ሁሌም የሚገርመኝ!

ጀርመኖቹ በጦርነቱ ጊዜ ቪ-2 የተባለው ሮኬታቸው ላይ ፐርኦክሳይድን የተጠቀሙት ነዳጅ የሚገፋውን ፓምፕ ለማዞር ነው እንጂ ዋናው ነዳጅ አልኮልና ፈሳሽ ኦክስጅን ነበር፣ እሱንም ብታስተካክሉት ጥሩ ነው። እንግሊዞች ግን የታችኞቹ ሁለት ክፍሎቹ በፐርኦክሳይድና በኬሮሲን የሚሰሩ ብላክ አሮው የተባለ ሮኬት ሰርተው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 1971 ከአውስትራሊያ ዉሜራ ፕሮስፔሮ የምትባል ሳተላይት ምህዋር ላይ አስቀመጡ፣ የሚያሳዝነው መንግስታቸው ፕሮግራሙን ከዛ በፊት ሰርዞት ነበር። የራሺያው ሶዩዝ ሮኬትም የነዳጅ ፓምፑን በፐርኦክሳይድ እያዞረ ስንት ሰው ወደ ህዋ አድርሷል።

አደጋውን ግን በደንብ ጻፉት በናታችሁ፣ በ2000 ኩርስክ የተባለው የራሺያ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ከቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ ከሚተኮስ መሳሪያ) ያፈተለከ ፐርኦክሳይድ ባስነሳው ፍንዳታ 118 ሰው ነው ያለቀው፣ ልጆች አንብበው ቤት ውስጥ ሊሞክሩት ይችላሉ።