ማስተካከያ፦ ስለ «ዘ ካይት ራነር» የአንባቢያን አስተያየት

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ በተካሄደው የንባብ ውይይት የተነሡ ሐሳቦችን ባጠቃለለው ቀዳሚ ጽሑፍ፣ በካሊድ ሆሴኒ ልብ ወለድ ውስጥ አሚር ጓደኛውን ሐሰንን የከዳው «በጦርነቱ ጭንቀት ተገፋፍቶ» እንደሆነ አንባቢያን መስማማታቸው ተገልጾ ነበር። ይህ መታረም አለበት። ክህደቱ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1975 የብርድ ወራት ነው፤ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን የገባው በ1979 መጨረሻ፣ ታሊባን ካቡልን የያዘው ደግሞ በ1996 በመሆኑ፣ አሚር ሐሰን ሲጠቃ ተደብቆ እያየ ዝም ባለበት ሰዓት በከተማዋ ጦርነት አልነበረም።

አንባቢያኑም ቢሆኑ አልተስማሙም። ጦርነቱን ተጠያቂ ያደረጉ ነበሩ፤ ክርክሩ የጋለው ግን አሚር በልደቱ ቀን የተሰጠውን ሰዓትና ገንዘብ በሐሰን ፍራሽ ሥር ሸጉጦ በሌብነት ያስወነጀለበት ምዕራፍ ሲነሣ ነው። ዝምታውን ፍርሃት ነው ብለው ያለፉለት ሰዎች እንኳ፣ ፍራሽ ገልጦ ሰዓት ማስቀመጥ ታስቦበት የተሠራ ሥራ ነው በማለት ፊት ነሥተውታል። ሐሰን ሰርቀህ እንደሆነ ሲጠየቅ «አዎ» ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ መውሰዱም አንዳንዶችን ከማሳዘን አልፎ አስቆጥቷል፤ ቁጣው ተገቢ ይመስላል።

መጽሐፉ የደራሲው የሕይወት ታሪክ ነው መባሉም ትክክል አይደለም። ሆሴኒ ካቡል ቢወለድም፣ ከአገሩ የወጣው እንደ አሚር በጭነት መኪና ተሸሽጎ ሳይሆን፣ ዲፕሎማት የነበሩት አባቱ በ1976 ወደ ፓሪስ ሲመደቡ ነው፤ ቤተሰቡ በ1980 አሜሪካ ጥገኝነት አግኝቷል።