ኮከብ ያለበት ክትፎ

መጀመሪያ ስፈተን ወድቄአለሁ። የጣለኝ ዶሮ ወጥ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤት ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ የምግብ ደህንነት ሰርተፊኬት ያለው ኃላፊ እዚያው መገኘት አለበት። እኔ በምሠራበት የሐበሻ ሬስቶራንት ሰርተፊኬቱ የነበረው ልጅ ሥራ ለቀቀ። ባለቤቷ ዞር ዞር ብላ አየችንና «አንተ እንግሊዝኛ ታነባለህ አይደል?» አለችኝ። በቃ፣ ተመረጥኩ።

ፈተናው 90 ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ምርጫ። ምግብ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ ይሄ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። ሁለት ማታ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ሄድኩ። የበሰለ ምግብ አቀዛቀዝ ላይ ስደርስ የመለስኩት እናቴ ቤት ባየሁት ነው። ወጥ ማታ ይሠራል፣ ምድጃ ላይ ያድራል፣ ጠዋት ይሞቃል። እንዲያውም ያደረ ይጣፍጣል።

መጽሐፉ እንደዚያ አይልም። የበሰለ ምግብ ከ57 ዲግሪ ወደ 21 በሁለት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት፤ ከ21 ወደ 5 ደግሞ በቀጣዮቹ አራት ሰዓታት። በዚያ መሃል ያለው ሙቀት ለባክቴሪያ ሠርግና ምላሽ ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ደግሞ መልሰህ ብታንተከትከውም አይጠፋም። «አሞቀዋለሁ» ብሎ ነገር አያዋጣም ማለት ነው።

በሁለተኛው አለፍኩ። ግን ያመንኩት ሳልፍ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ማታ ትልቁ የዶሮ ድስት ከወረደ በኋላ ቴርሞሜትር ሰካሁበት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆይቶ ላዩ ቀዝቅዟል፣ መሃሉ ገና ለብ ያለ ነው። ደነገጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጡ በትንንሽ ጠፍጣፋ ዕቃ እየተከፋፈለ በረዶ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል።

የቀረው እንደዚህ ቀላል አልነበረም። እዚህ አገር ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላሉ፤ ፍንጣቂው ጀርሙን ኩሽናው ሁሉ ያዳርሰዋል። ይህንን ለዋናዋ ወጥ ሠሪያችን የነገርኳቸው ቀን መቼም አይረሳኝም። አሥራ ሁለቱን ብልት በሎሚና በጨው እያሹ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። «ያልታጠበ ዶሮ? እኔ? ልጄ፣ ሰርተፊኬቱን አንተው ብላው» አሉኝ። ሦስት ቀን አኮረፉኝ። በኋላ በሽምግልና ተስማማን። ለዶሮ ብቻ የሚሆን ሲንክ ተለየ፣ ውሃው ቀስ ተብሎ ይከፈታል፣ ሲያልቅ ሲንኩ በክሎሪን ይታጠባል። ሜኑው ላይም ከክትፎ ጎን ኮከብ ተለጠፈ፣ ከታች «ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ሊያሳምም ይችላል» ተብሎ ተጻፈ። ኮከቡን ያዩ አንድ ደንበኛ «ይሄ ባለኮከቡ ልዩ ክትፎ ነው?» ብለው ያንኑ አዘዙ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ኢንስፔክተሯ መጥታ አረፋ የሚያወጣ የእንጀራ ሊጥ በባልዲ አየች። ስንት ቀኑ ነው አለች። ሦስት አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ያን ጊዜ የተማርኩት ጠቀመኝ። ኮምጣጣ ነገር ላይ፣ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ከ4.6 በታች ሲሆን፣ አብዛኛው አደገኛ ባክቴሪያ እንደልቡ አይራባም። የመለኪያ ወረቀቱን ሊጡ ውስጥ ነክሬ አሳየኋት። ቁጥሩን አይታ ጻፈችና አለፈች። እናቶቻችን ይሄንን ያለ ወረቀት በአፍንጫቸው ያውቁታል። እኔ ግን ለማስረዳት ወረቀቱ አስፈለገኝ።

አምና አዲስ አበባ ስሄድ የአክስቴን ልጅ አገኘኋት። ምግብ ዝግጅት ተምራ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትና፣ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታለች። ስለ ፈተናዋ ስትነግረኝ አፈርኩ። የጽሑፍ አለ፣ የተግባር አለ። መዛኙ አጠገቧ ቆሞ እያየ ሠርታለች። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው እንጂ ወደቅሽ አይባልም። እኔ ፈተና ላይ ቢላዋ ስይዝ ያየኝ የለም። ኮምፒውተር ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ነክቼ ነው ኃላፊ የሆንኩት። አሜሪካ ሁሉ ነገር በተግባር ነው እያልን ለምናወራ ሰዎች ይሄ ይመዝገብልን።

ልዩነቱን ያየሁት ከፈተናው በኋላ ባለው ነው። እዚህ ወረቀቱ ጊዜ አለው፤ የእኔው አምስት ዓመት ነው። ኢንስፔክተሯም ግድግዳዬን አይታ አትመለስም፣ የራሷን ቴርሞሜትር አውጥታ ፍሪጁ ውስጥ ትሰካለች። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ግን «አይሶ 9001 ያገኘን» የሚል ባነር ሥር አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ተበላሽቶ ጥበቃው በእጁ ቁጥር እየጻፈ ያድላል። ጄኔቭ ያለው አይሶ የተባለው ድርጅት ይሄንን የጥራት አሠራር ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ሰርተፊኬት አይሰጥም፤ የሚሰጡት ሌሎች መዛኝ ድርጅቶች ናቸው። ያውም የሦስት ዓመት ነው፣ በየዓመቱ እየመጡ ያያሉ። የሚያዩትም «አደርገዋለሁ ብለህ የጻፍከውን ታደርጋለህ ወይ?» የሚለውን ነው። ባነሩ ላይ ቀን ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

እኛም ግን ጻድቅ አይደለንም። እኛ ሬስቶራንት በየሁለት ሰዓቱ የፍሪጅ ሙቀት ተለክቶ መጻፍ አለበት። ሥራ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ማታ ልትዘጋ ስትል አንድ እስክሪብቶ ይዘህ የቀኑን ሙሉ ትሞላዋለህ። 4፣ 4፣ 4፣ 4። እኔም አድርጌዋለሁ።

ለአክስቴ ልጅ ቴርሞሜትር ትቼላት መጣሁ። የምትጽፍበትን ፎርም ፎቶ በቴሌግራም ላክሁላት፤ እሷ በደብተር አሰመረችው። ባለፈው ወር ገጹን አንስታ ላከችልኝ። ሐሙስ ጠዋት 4 ዲግሪ። ሐሙስ ማታ 5 ዲግሪ። ዓርብ ጠዋት «መብራት ጠፋ»። ዓርብ ማታ 13 ዲግሪ፣ «ሥጋውን ጣልኩት»። ቅዳሜ ደግሞ «መብራት የለም፣ ሽሮ ብቻ»።

ከሥር በድምፅ «እንዲህ ነው እንዴ የሚጻፈው? ወይስ ለማሳየት ሌላ ልገልብጠው?» ብላኛለች። አትገልብጪው አልኳት።