ስለ ጥሩሩ ቀለበትና ስለ ደጋኑ

ስለ ጥሩር፣ ማለትም እርስ በርስ ከተያያዙ የብረት ቀለበቶች ስለሚሠራው የጦር ልብስ፣ እና ስለ ደጋን የተጻፈውን ጽሑፍ አነበብሁ። ጸሐፊው የመካከለኛውን ዘመን ውጊያ በትዕይንት ለሚያሳዩ ሰዎች፣ ጫፍ ለጫፍ ብቻ የገጠመ የሽቦ ቀለበት ጥሩር ይበቃል ባሉት ሐሳብ በአክብሮት አልስማማም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ በአብዛኛው ጥሩር ላይ እያንዳንዱ ቀለበት በአራት ሌሎች ቀለበቶች ውስጥ ያልፍና፣ ጫፎቹ ተደራርበውና በመዶሻ ተጠፍጥፈው ከተበሱ በኋላ በትንሽ ችንካር ይታሰር ነበር፤ ያልተቸነከረው ግን የጦር ወይም የፍላጻ ጫፍ ሲያገኘው በቀላሉ ይከፈታል። ሥራው አድካሚ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ለተመልካች ልናሳየው የሚገባን የዚያን ዘመን አንጥረኛ ድካም ጭምር ነው። ከሥሩም ከተደራረበ የተልባ እግር ጨርቅ የተሰፋ ወፍራም ልብስ ሊኖር ይገባል፤ የምቱን ኃይል የሚያበርደው እርሱ ነውና። ወገብን በቀበቶ ጠበቅ ማድረግ ደግሞ የትከሻን ሸክም በእጅጉ ያቃልላል።

ስለ ደጋኑ የጻፉት ግን እጅግ አስደስቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር በወጣችው ሜሪ ሮዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የተገኙት ከ130 በላይ ደጋኖች የተሠሩት ዩው ከተባለ ዛፍ እንጨት ነው፤ ነጣ ያለው የእንጨቱ ውጫዊ ክፍል ከቀስተኛው በተቃራኒ ባለው ጀርባ በኩል መለጠጡን፣ ቀላ ያለው ልቡ ደግሞ በውስጥ በኩል መታመቁን ይችላል። እንደ እነዚያ የጦር ደጋኖች ኃይለኛ ሆኖ የተሠራ ደጋን በትዕይንት ላይ ወደ ሰው ፈጽሞ ሊነጣጠር አይገባም፤ ለዚህ ቀላል ደጋንና ጫፉ ጎማ የሆነ ፍላጻ አለ። ፍላጻ ሳይደግኑ አውታሩን ስቦ መልቀቅ ደጋኑን ሊሰብረው እንደሚችልም ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።