ከመስከረም ጀምሮ ለሚታደሱ ወገኖች የቀረበ ምስጋና

አገራችን በ13 ወር ፀጋዋ ስትመሰገን የኖረችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ዓለም 12ቱን ወር ጨርሶ ሳይተነፍስ ወደ አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ እኛ ግን ከነሐሴ በኋላ 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 6 ቀን ተመርቆልን፣ ያለፈውን ኑሯችንን የምንገመግምባትና የሚመጣውን የምናውጅባት ጳጉሜን የምትባል ወር አለችን። ይህችን አጭር ወር የከተማችን ነዋሪ የተጠቀመባትን ያህል የተጠቀመባት የለም። በጳጉሜን ጮማ የሚያቆመው፣ ስኳር የሚተወው፣ ቤቱን ከትርፍ ዕቃ የሚያጸዳውና ስፖርት የሚጀምረው ሰው ብዛቱ ያስደንቃል፤ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሁሉም ይህን የሚያደርገው «ከመስከረም ጀምሮ» መሆኑ ነው። ውሳኔው በጳጉሜን ይተላለፋል፣ ተግባሩ ለመስከረም ይቀጠራል፣ በመሐል ያሉት ቀናት ደግሞ ያለ ጸጸት ይበላባቸዋል። እንዲህ ያለው አርቆ አሳቢነት እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኘምና ዕዳውን በጥቂቱም ቢሆን መክፈል ይገባል።

ከቤት ጽዳቱ እንጀምር። ዝናቡ ጋብ ሲልና አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ መጋረጃው ወርዶ ይታጠባል፣ ሶፋው ከቦታው ይነሣና ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ ሲፈለጉ የኖሩ ሳንቲሞችና አንድ እግር ካልሲ ይገኛሉ። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚያደርገው ነው። የእኛ ሰው ጥበብ የሚታየው ትርፍ ዕቃን በሚያስወግድበት ዘዴ ላይ ነው። ዕቃው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ አልጋ ሥር፣ ከአልጋ ሥር ደግሞ ወደ ስቶር ይሸጋገራል፤ በዚህ ሁሉ ጉዞው ግን የግቢውን በር ተሻግሮ አያውቅም። በጥፋት የተገመገመ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ወደ ሌላ ቢሮ እንደሚዛወር ሁሉ፣ አገልግሎቱን የጨረሰ ዕቃም በዝውውር እንጂ በስንብት አይስተናገድም። ሳሎኑ ባዶ መስሎ ሲታይ ጎረቤት ገብቶ «ቤታችሁ እንዴት ሰፋ!» ይላል፤ የስቶሩን በር በትከሻው ገፍቶ የዘጋው አባወራም በትሕትና አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

የዚያን ስቶር ውስጥ ላላዩ ሰዎች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሩ ላይ የቴሌቪዥን ካርቶን ከነፎሙ ቆሟል፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ከተሰበረ ብዙ ጊዜው ነው። ከካርቶኑ ኋላ አንድ ጎማ የጎደለው የልጅ ሳይክል አለ፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የሠርግ ቪዲዮ ካሴቱ በክብር በሸሚዝ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የሚያጫውተው ዴክ ግን በአካባቢው አይገኝም። የብስኩት ቆርቆሮውን የሚከፍት እንግዳ ልጅ ብስኩት ጠብቆ መርፌና ክር፣ የወለቁ ቁልፎችና የማን እንደሆነ ያልታወቀ የመታወቂያ ፎቶግራፍ ያገኛል። ቀጭን አፍ ያላቸው የድሮ ሞባይል ቻርጀሮች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል። ከታች ደግሞ ባዶ ሃይላንዶች ጠጅ ወይም ጋዝ እስኪመጣላቸው በትዕግሥት ተሰልፈዋል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ለምን አይጣልም ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «አንድ ቀን ያስፈልጋል»። ያቺ ቀን መጥታ አታውቅም፤ ብትመጣ ግን ዝግጁ ሆና የምታገኘን እኛን ብቻ ነው።

ለዚህ ጽናት ትልቁ ፈተና ቆራሌው ነው። ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ድምፁን ስቦ በየመንደሩ የሚያልፈው ይህ ሰው፣ ሌሎች ከተሞች በብዙ ወጪ ያደራጁትን ሥራ ያለ ቢሮና ያለ በጀት ያከናውናል፤ ከየቤቱ የሰበሰበው ብረት፣ ጠርሙስና ጫማ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ምድጃ፣ ባልዲና መጥበሻ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። የታዳሹን ወገን ጀግንነት ማየት የሚፈልግ ሰው በጳጉሜን የሚካሄደውን ድርድር ቆሞ ይስማ። እመቤቲቱ እጀታው የወለቀ የብረት ምጣድ ይዘው ይወጣሉ፤ «ስንት ትለዋለህ አንተ ልጅ?» ይላሉ። «60 ብር ልስጥዎት እትዬ፣ ዝጓል እኮ» ይላል ቆራሌው። «ምን አልክ? የጣሊያን ሥሪት እኮ ነው! እናቴ ሲድሩኝ ጊዜ የሰጡኝ ነው!» ይላሉ፤ ምጣዱም ይመለሳል፤ ያውም ከቀድሞው ቦታው ከፍ ወዳለ መደርደሪያ። ልብ በሉ፣ ምጣዱ ዋጋ የተጠየቀበት ቅርስ የሆነው ሊጣል በወጣበት ደቂቃ ነው። ቆራሌው ባይመጣ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ስቶሩ ሲሞላ የሚወሰደው እርምጃ ደግሞ ከሁሉም የላቀ ነው፤ ይኸውም ዕቃ ማስቀመጫ ዕቃ መግዛት ነው። የበዓል ባዛሩ የሚከፈተው ለዚሁ ነው ማለት ይቻላል። ቤቱን ለማቅለል የወጣ ሰው ባለ 3 በር ቁም ሳጥን፣ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሣጥኖችና አንድ የጫማ መደርደሪያ አስጭኖ ይመለሳል። በላዩ ላይ በቅናሽ የተገኘ የስኒ ስብስብ ይጨመራል፤ እርሱም ብፌው ውስጥ ከመስታወቱ ኋላ ይሰለፋል። ስኒው ለእንግዳ ነው ይባላል። እንግዳው ሲመጣ ግን ቡናውን የሚጠጣው በተለመደው ስኒ ነው፤ የብፌው ይሰበራላ! የፌስታሉንም ነገር ማለፍ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ፣ ሌላው ዜጋ ምን ልንይዝ ነው ብሎ ሲጨነቅ፣ ታዳሹ ወገን ከማድ ቤቱ በር ኋላ የተንጠለጠለውን፣ ፌስታል በፌስታል የታጨቀበትን ትልቅ ፌስታል ተመልክቶ ፈገግ ብሏል።

አሁን ወደ ማዕዱ እንለፍ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነውና። ጤናማ አመጋገብ ከመስከረም 1 ቀን ይጀምራል የሚለው ሐሳብ የተመረጠበት ቀን ራሱ አድናቆት ይገባዋል። በዓመቱ ውስጥ ካሉት ቀናት ሁሉ ተመርጦ፣ 12 ብልቱ በቅቤና በሽንኩርት የተንተከተከ ዶሮ በየቤቱ በሚቀርብበት ዕለት ቅባት ማቆም የሚችል ሰው ተራ ሰው አይደለም። እርግጥ ነው፣ በዓል ነውና በዕለቱ አይጀመርም። በማግስቱም አይጀመርም፤ የተረፈውን ወጥ መጣል ነውር ነው፤ ጠላውም ገና አላለቀም። ከዚያ ወዲያ የሚመጡት ቀናት ደግሞ ለመስቀል በጣም ይቀርባሉ፤ መስቀል ሲደርስ የጉራጌ ወዳጅ ያለው ሰው ሁሉ ጣባው ፊት ቀርቦ፣ ክትፎው ጥሬ ይሁን ወይስ ለብለብ የሚለው እንጂ ይበላ ወይስ አይበላ የሚለው ጥያቄ አይነሣም። ከአይቡ ጋር የቀረበው ጎመን በመጠኑ ተነክቷልና አትክልትም ተመግቧል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ በእውነት ይጀመራል፤ መጀመሩም የሚታወቀው በደረሰኙ ነው። ታዳሹ ወደ ሱፐርማርኬት ገብቶ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቆርቆሮው ላይ ስንዴ ማሳ የተሣለበት አጃ ይገዛል፤ የራሱ አገር አጃ በኩንታል የሚሸጥበት እህል በረንዳ በታክሲ ጥቂት መንገድ ነው። ጤፍ በብረት ማዕድኑና ከግሉተን ነጻ በመሆኑ በአሜሪካና በአውሮፓ የጤና ምግብ መደብሮች ውስጥ በውድ ዋጋ ሲሸጥ፣ እርሱ ግን እንጀራ ያወፍራል ብሎ ወደ ቶስት ዞሯል። ተልባ የእናቱ ማድ ቤት ውስጥ ስለነበረ አያምነውም፤ ቺያ ሲድ ግን በትንሽ ማሰሮ ታሽጎ ስለመጣ ያከብረዋል። የኮንሶ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በየዕለቱ እንደ ጎመን ቀቅሎ የሚበላውን የሽፈራው ቅጠል፣ ደርቆና ተፈጭቶ፣ ሞሪንጋ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ሲመጣ በማንኪያ እየለካ ይወስደዋል። ምግቡ ያው ነው፤ የታከለበት ክፍያው ነው፤ ጤና የሚሰጠውም ክፍያው ሳይሆን አይቀርም።

ጾምን በተመለከተ ያለው አቋምም እንዲሁ የተጣራ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናትና ሌሎቹን አጽዋማት ሲደምር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሥጋና ወተት ሳይቀምስ የሚያሳልፍ ሕዝብ መካከል ያደገ ሰው፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ አመጋገብን ከቲክቶክ ይማራል። አያቱ ቅዳሴ እስኪወጣ እስከ 9 ሰዓት ሲቆዩ ዝም ብለው ነበር፤ የእስላም ጎረቤታቸውም ረመዳንን ሙሉ ከንጋት እስከ ማታ ውኃ ሳይቀምሱ ሲውሉ ለማንም አላወሩም። እርሱ ግን ቁርሱን ለ2 ሰዓት ያህል ሲያዘገይ ቢሮው በሙሉ ይሰማዋል። በነጻ የሚገኝ ነገር እንደማይቆጠር እዚህም ላይ ተረጋግጧል።

ከሥራ ሲወጣ ጁስ ቤት ጎራ ይላል፤ ቡና እንኳ ስኳር አለው ብሎ ትቶታል። የሚያዝዘው ስፕሪስ ነው። ብርጭቆው ሲመጣ ለዓይን ይማርካል፤ ከታች አረንጓዴው አቮካዶ፣ ከዚያ ቢጫው ማንጎ፣ በላዩ ቀዩ ፓፓያ ወይም ቀይ ሥር ተደርድረው፣ ቪምቶው ከአናቱ ፈስሶ በጠርዙ በኩል ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ሎሚውም በጎን ይቀርባል። አቮካዶው ሲፈጭ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደገባበት የሚያውቀው መፍጫው ጋ የቆመው ልጅ ብቻ ነው፤ እርሱም የሙያ ምስጢር ይጠብቃል። በማንኪያ የሚበላው ይህ መጠጥ ሲያልቅ ታዳሹ አፉን ጠርጎ «ቀለል ያለ ነገር ነው የበላሁት» ይላል። ለዚህ ምስክርነት ፍሬዎቹ ራሳቸው አይቃወሙም።

ስፖርቱ የጽዳቱንም የአመጋገቡንም ጉዳይ በአንድ ጨርቅ ስለሚያያይዘው በአጭሩ መነሣት አለበት። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ለመሳተፍ የሚመዘገብ ሰው ካናቴራ ይሰጠዋል። ታዳሹ በየዓመቱ ይመዘገባል። የሮጠባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው፣ ካናቴራዎቹ ግን ሁሉም አሉ፤ አንዱ ለመኝታ፣ አንዱ ለመኪና ማጠቢያ፣ የቀሩት ደግሞ ወዴት እንደሄዱ አንባቢ ይገምታል። በሮጠበት ዓመትም ከሩጫው መልስ ያቃጠለውን ጉልበት ለመተካት በቅቤና በማር የታሸ ጨጨብሳ ታዝዟል፤ ሰውነት አይጎዳ።

በዚህ ሁኔታ ጥቅምት አልፎ ኅዳር 12 ይደርሳል። በ1911 ዓ.ም. በዚሁ በኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አሳምሞ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝቡን ፈጅቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በኅዳር ሚካኤል ዕለት የየሰፈሩን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ቤቱን ከትርፍ ዕቃ ለሚያጸዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን ከወዴት ይመጣል? ታዳሹም ማልዶ ይነሣል፤ ቃጠሎውንም የሚመራው እርሱ ነው። የጎረቤቱን የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጎ ይሰበስባል፣ ከቦዩ ውስጥ የማንም ያልሆነ ጫማ በእንጨት ያወጣል፣ ጭሱ ሰፈሩን ሲሸፍነው «ለጤና ነው፣ በሽታ ያባርራል» እያለ የሚያስላቸውን ልጆች ያጽናናል። በዚያ ዕለት ከስቶሩ የወጣው ብቸኛ ዕቃ ለእሳት መለኮሻ የተፈለገው ግማሽ ሃይላንድ ነጭ ጋዝ ነው፤ የተረፈውም ክዳኑ ጠብቆ ተመልሶ ገብቷል።