ስለ ጨዋታ ሌክቸር መስጠት ይብቃን

ክረምት ሲመጣ የመምህራን ስልጠናም አብሮ ይመጣል፣ የቅድመ አንደኛ መምህራን የሚጠሩበት ርዕስ ደግሞ ሁሌ አንድ ነው፣ ህፃን ተኮር የማስተማር ዘዴ። የተካፈለ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። ትልቅ አዳራሽ፣ በረድፍ የተደረደረ ወንበር፣ ፊት ለፊት ፓወርፖይንት፣ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠኑት ፒያጄ እንዲህ ይላል ቪጎትስኪ እንዲህ ይላል፣ "ልጆች የሚማሩት በመስራትና በመጫወት ነው" የሚል ስላይድ ይነበባል፣ መምህራኑ ቁጭ ብለው ይገለብጣሉ፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከኋላ አንዷ እጇን አውጥታ "እኔ ክፍል እኮ 60 ልጅ ነው ያለው፣ እንዴት አድርጌ ነው?" ስትል "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሰዓት እንመለስበታለን" ትባላለች። ከሰዓት የሚመለስበት የለም። መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬት፣ አበል፣ የጋራ ፎቶ።

ከዛ መስከረም ላይ ክፍሏ ገብታ ሙሉ ገፅ "ሀ" ስታስገለብጥ "መምህራን ለውጥ አይቀበሉም" እንላለን። የት አይታ ታድርገው? ልጅ ሆና የተማረችው ተከተሉኝ እየተባለች ነው፣ ኮሌጅ የተማረችው ኖት እየጻፈች ነው፣ ስለ ጨዋታ የሰማችውም ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ሰው እንደተማረበት ነው የሚያስተምረው፣ ስላይድ ይሄን አይቀይረውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ወዲህ ተማሪ ተኮር የሚለውን ያልሰማ መምህር የለም፣ በዛው ዘመን ግን ሃይስኩል ላይ በመምህር ፈንታ ትምህርቱን የሚያስተላልፍ ፕላዝማ ቲቪ ገብቶ ተማሪው መልሱን አስቦ ሳይጨርስ "ቬሪ ጉድ" እያለ ሲያልፍ ኖረናል (የዛ ጊዜ ተማሪዎች ታስታውሱታላችሁ)። ህፃናቱ ጋ ስንመጣ ደግሞ በፊት ኬጂ የከተማና የግል ነገር ነበር። በ2002 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ በኋላ ኦ ክላስ የሚባለው ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለ የአንድ ዓመት ክፍል በየመንግስት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ የ2015ቱ ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አደረገው። የገበሬ ልጅም አንደኛ ክፍል ሳይገባ ክፍል አይቶ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ግን ብዙ ቦታ የተገኘችው መምህርት ተመደበች፣ የተገኘው ክፍል ተሰጠ፣ ዴስኩም የትልልቆቹ ስለሆነ የህፃኑ እግር መሬት አይነካም።

ህፃን ተኮር ማስተማር ምን እንደሚመስል ያየሁት አንድ የመንግስት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ መምህርቷ ከሰፈር ግሮሰሪ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ በፌስታል ሰብስባ መሬት ላይ ዘረገፈችው። ልጆቹ በቀለም መለየት ጀመሩ። አንዱ ልጅ ግን ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀላቅሎ አንድ ጥግ ላይ አስቀመጠ። እኔ ብሆን "ተሳስተሃል፣ ቢጫው ወደዚህ" እል ነበር። እሷ ቁጢጥ ብላ "እነዚህን ለምን ለብቻ አደረግካቸው?" አለችው። ዝም አለ። እሷም ዝም አለች፣ በጣም ረጅም ዝምታ ነው የመሰለኝ። ከዛ "እነዚህ አሟቸዋል" አለ። ሳየው ሁሉም የተጣመሙ ቆርኪዎች ናቸው። ልጁ በቅርፅ ነበር የለየው። ሙያው እሷ የጠበቀቻት ጊዜ ነች፣ ያቺን ጊዜ ደግሞ ከሀንድአውት አታገኛትም፣ ሰው ሲያደርጋት አይተህ፣ ሞክረህ፣ ተበላሽቶብህ፣ አጠገብህ ያለ ሰው "እዛ ጋ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ" ሲልህ ነው የምትገባህ።

ማቴሪያል የለም የሚለው ሰበብም አይዋጥልኝም። ቅልሞሽን እዩት፣ አንዷን ጠጠር ወደላይ ወርውሮ ከመሬት ያሉትን አራቱን መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዛ ሁለት ሁለት፣ ከዛ ሶስትና አንድ፣ ከዛ አራቱንም ማፈስ ነው፣ አራት ቁጥር ከምን ከምን እንደሚሰራ ከዚህ በላይ ምን ያስተምራል? ስልጠናው ላይ መምህራኑን መሬት አስቀምጣችሁ ቅልሞሽ አጫውቷቸውና "አሁን ምን ተማራችሁ?" በሏቸው፣ ከአስር ስላይድ ይበልጣል።

የልጅ ብዛት ግን እውነተኛ ችግር ነው፣ አልክድም። ቢሆንም በስሟ የሚጠራውን የህፃናት ማስተማሪያ ዘዴ የጀመረችው ጣሊያናዊቷ ሐኪም ሞንቴሶሪ በ1907 እንደ ፈረንጆቹ ሮም ሳን ሎሬንዞ የሚባል የድሃ ሰፈር ውስጥ ስትጀምር ወደ 50 ምናምን ህፃናት ነበር የያዘችው፣ ልጆቹን እንድትይዝ የተቀጠረችውም የሰለጠነች መምህርት አልነበረችም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ስሟ የውድ ትምህርት ቤት ታፔላ ሆኗል፣ ውስጥ ስትገባ የአራት ዓመት ልጅ "ኤ ፎር አፕል" ይጽፋል፣ የቤት ስራ ተሰጥቶት አስጠኚ ተቀጥሮለታል።

መምህርቷን ብቻ ማሰልጠንም ዋጋ የለውም። ስትመለስ የሚጠብቃት ርዕሰ መምህር አለ፣ ሱፐርቫይዘር አለ፣ "ልጄ ደብተሯ ባዶ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ነው እንዴ የሚውሉት?" የሚል ወላጅ አለ። ወላጁ አይፈረድበትም፣ የሚያየው ነገር ደብተር ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ግን ከእሷ ጋር አብሮ ካልሰለጠነና ወላጅ ሲመጣ ከፊቷ ካልቆመ፣ ወር ሳይሞላ ቆርኪው ቁምሳጥን ይገባና ግልበጣው ይቀጥላል።

የዘንድሮውን እቅድ እያወጣችሁ ያላችሁ የወረዳና የክፍለ ከተማ ሰዎች፣ ለአዳራሽና ለሻይ ከያዛችሁት በጀት ላይ ግማሹን አንሱና በየአስራ አምስት ቀኑ መምህርቷ ክፍል የምትመጣ፣ አብራት መሬት ላይ የምትቀመጥ፣ ልጆቹ ሲወጡ ግማሽ ሰዓት የምታወራት ልምድ ያላት ሌላ መምህርት መድቡላት። ሱፐርቫይዘሩ የሚይዘው ቼክሊስት ላይ ደግሞ "ደብተር ታርሟል ወይ?" የምትለዋን ሰርዛችሁ "መምህርቷ ልጁን ጠይቃ መልሱን ጠብቃለች ወይ?" ብላችሁ ጻፉበት።