የዋንጌቺ ሙቱ መቀስ እና የእኛ የኦሞ ፖስተሮች

የኬንያዊቷን ሠዓሊ የዋንጌቺ ሙቱን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው መደንገጡ አይቀርም። ምስሉ ላይ አንዲት ሴት አለች። ከንፈሯ ከፋሽን መጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ ነው፤ ዓይኗ ከሌላ ሴት ፊት የመጣ፣ እግሯ የሞተር ብስክሌት ብረት፣ ቆዳዋ በቀለም የተዥጎረጎረ። ሥዕል ማለት የሚያምር ነገር ነው ብሎ ላደገ ሰው ይህ ጭራቅ ነው። እኔ ግን በዘመናችን ስለ አፍሪካዊት ሴት አካል ከተሠሩት ሁሉ እውነቱን በድፍረት የተናገረ ሥራ ይህ ነው እላለሁ። ምክንያቱም ሙቱ መቀሷን ከማንሳቷ ከረጅም ጊዜ በፊት ይህ አካል ተቆራርጦ ነበር።

ሙቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ናይሮቢ ተወለደች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሥነ ጥበብን ኒው ዮርክ በሚገኘው ኩፐር ዩኒየን፣ ቀጥሎም በዬል ዩኒቨርሲቲ ተማረች። ሠዓልያን ሚክስድ ሚዲያ በሚሉት አሠራር የመጽሔት ቁርጥራጭ፣ ቀለም፣ ብልጭልጭ ዱቄትና ፀጉር በአንድ ገጽ ላይ ታገናኛለች። ብዙ ጊዜ የምትሠራው ማይላር በሚባል ፕላስቲክ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ቀለሙን ስለማይመጥጠው ቀለሙ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ እንደተጠራቀመም ይደርቃል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው የበለዘ ቆዳ ይመስላል። ቁርጥራጮቹን የምትለቅመው የፋሽን ልብስ ከሚሸጡ፣ ሞተር ብስክሌት ከሚያስተዋውቁ፣ የሩቅ አገር ሰዎችን ፎቶ ከሚያትሙ፣ አልፎም ከወሲብ መጽሔቶች ነው። እነዚህ ሁሉ የሴትን ገላ ለመሸጫነት ያዋሉ ገጾች ናቸው። እሷም ከእነሱው ወስዳ ሌላ ሰው ትሠራለች።

ከሥራዎቿ ሁሉ የሚይዘኝ ከ2004 እስከ 2006 የሠራችው የማሕፀን ዕጢ ዓይነቶችን የሚመለከተው አሥራ ሁለት ምስል ነው። መደቡ የድሮ የሕክምና መጽሐፍ ገጽ ነው፤ የታመመ ማሕፀንና የሴት ብልት ለተማሪ ማሳያ የተሣለበት፣ ዙሪያው የበሽታ ስም የተጻፈበት። ሙቱ በዚያ ላይ ዓይንና አፍ፣ ፀጉርና ጌጥ ለጠፈችበት። ድሮ አንድ ብልት ብቻ የነበረው ገጽ አሁን ፊት አለው፤ መልሶም ያይሃል። የመጽሐፉ ሠዓሊ የሴትዮዋን ፊት አላስፈለገውም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሐኪም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የዘመናዊ የማሕፀን ሕክምና አባት እየተባለ ሲወደስ የኖረው አሜሪካዊው ጄምስ ማሪዮን ሲምስ፣ ከ1845 እስከ 1849 ባለው ጊዜ አላባማ ውስጥ በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ በቀዶ ጥገና ሞክሮባቸዋል። ከመካከላቸው በስም የምናውቃቸው ሦስቱን ብቻ ነው፤ አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ። የአናርካ ቀዶ ጥገና ብቻ ሠላሳ ያህል ነበር። ሊያድን የሞከረው በሽታ ፊስቱላ ነው፤ በምጥ ብዛት የሚመጣው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የሐምሊን ሆስፒታል ስንት እናቶቻችንን የታደገበት ያው ፊስቱላ። ሕክምናው ጠቅሞናል፤ አልክድም። ግን በማን ሥጋ ላይ እንደተገኘ ለማወቅ ምን ያህል ዘገየን?

የሲምስ ሐውልት ለብዙ አሥርት ዓመታት በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ዳር፣ ፊፍዝ አቬኑ ላይ ቆሞ ነበር። በሚያዝያ 2018 ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም፣ በዚያው ጎዳና ከሃያ ብሎክ ብዙም በማይርቅ ቦታ ላይ የሙቱ አራት የነሐስ ሴቶች በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሕንፃው ግንባር በ1902 ሲጠናቀቅ ለሐውልት ተብለው የተተዉት አራት ጎድጓዳ ቦታዎች እስከዚያ ቀን ድረስ ባዶ ነበሩ። በግሪክ ሕንፃም ሆነ በአፍሪካ ነገሥታት በርጩማ ላይ የተቀረጸች ሴት ብዙ ጊዜ ሸክም ተሸካሚ ናት፤ ጣሪያ ወይም መቀመጫ ትደግፋለች። የሙቱ ሴቶች ግን ምንም አልተሸከሙም። ከአንገት እስከ እግር ጥቅል ገመድ የመሰለ ልብስ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል ወይም ተንበርክከዋል። ራሳቸው ላይ በተለያየ ቦታ እንደ መስታወት የተወለወለ ክብ ሰሌዳ አለ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያንጸባርቃል።

ይህ ክብ ሰሌዳ የመጣው በአንዳንድ የአፍሪካ ማኅበረሰቦች ዘንድ ሴቶች ከሚያደርጉት የከንፈር ጌጥ ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው የሚያስበው የሙርሲና የሱሪ ሴቶችን የከንፈር ሸክላ ነው፤ እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር። የኦሞ ወንዝ የሚገባው ቱርካና ሐይቅ ነው፤ የሐይቁ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የሙቱ አገር የኬንያ ነው። ነገሩ ለሁለታችንም የጓሮ ጉዳይ ነው።

እኛስ በዚህ ሸክላ ምን አደረግንበት? በየሆቴሉ መግቢያ፣ በየአስጎብኚ ድርጅቱ ድረ ገጽ፣ በየፖስት ካርዱ ላይ ያቺ ሴት አለች። ከንፈሯ አለ፣ ስሟ የለም። ጎብኚው በመኪና ይመጣል፣ ለአንድ ፎቶ ጥቂት ብር ይከፍላል፣ ይሄዳል። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው የብሔረሰቡ ስም ብቻ ነው። የሕክምና መጽሐፉ ማሕፀኑን ከሴትዮዋ ለይቶ እንዳሳየ ሁሉ እኛም ከንፈሩን ለይተን አሳይተናል። ያሳየነውም የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ብለን፣ ኮርተን ነው። ይህ ያመኛል።

የፎቶው ገንዘብ ቤተሰብ ይደግፋል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ይቁም አላልኩም። ሸክላው ለጤና ጎጂ ነውና መቅረት አለበት የሚሉም አሉ። ከንፈሯ የሚተለተለው ልጅ ሳለች ነውና እሱን ራሳቸው የሙርሲ ሴቶች ይወያዩበት፤ ከአዲስ አበባ ሆኜ ልፈርድላቸው አልፈልግም።

ሙቱ ራሷም ከዚህ ጥያቄ አታመልጥም። የሴቶችን ጌጥ ወስዳ በነሐስ ቀርጻ በዓለም ካሉት ባለጸጋ ሙዚየሞች በአንዱ ደጅ ስታስቀምጥ፣ ጌጡን የሚያደርጉት ሴቶች እዚያም ስም አላገኙም። ይህ ይከነክነኛል። ሆኖም ልዩነት አለ። የእሷ ሐውልት ለተመልካቹ ቁንጽል ሥጋ አይሰጠውም፤ በዚያ በተወለወለ ሰሌዳ ራሱን መልሶ ያሳየዋል። የእኛ ፖስተር ይህን አያደርግም።

ስለዚህ ለሆቴሎች፣ ለአስጎብኚዎችና ለቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች የምለው ይህ ነው። ፎቶዋ በግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለችው ሴት ስም ከፎቶው ሥር ይጻፍ፤ ምስሉ ለገበያ እንዲውል ፈቅዳ እንደሆነ በቋንቋዋ ትጠየቅ፤ ከሽያጩም ድርሻዋን ታግኝ። ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። ከጂንካ ተነሥተው እነዚህን መንደሮች በየጊዜው የሚጎበኙ አስጎብኚዎች በሚቀጥለው ጉዟቸው ስሟን በመጠየቅ ሊጀምሩ ይችላሉ።